እንግዳ ሲሰነብት

ሲመሽ ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ላለ ሰው በእኛ አገር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ።» በአዊ ዞን ባንጃ ወረዳ፣ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ባለች መንደር የሚኖሩት አክስቴም በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ማታ ያሉት ይህንኑ ነው። ደጃቸው የቆመችው ሴት ከመተከል፣ ከቡለን ወረዳ፣ ግድያ የሸሸች ነበረች። አንድ ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛለች። የቆላ ሰው ናት፤ ነጠላዋ ስስ፣ እግሯ ባዶ። ጥር ደግሞ በባንጃ ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚገኝበት ወር ነው። አክስቴ ውኃ አሙቀው እግሯን አጠቡ። ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረቡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ደረቡላት፤ መደቡንም ለእሷና ለልጆቿ ለቀቁ።

ይህን የሰማ የአዊ ሰው አይደነቅም፤ ማንም የሚያደርገው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ከሦስት ወር በኋላ የሰማሁት ነው። ደህንነታቸውን ለመጠየቅ ስደውል አክስቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያው እንግዲህ፣ ሰው ሲሰነብት ታውቀው የለ» አሉኝ። እንጨቱ ቶሎ ያልቃል። ጎታው ጎድሏል። ልጆቹ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይጣላሉ። አክስቴ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እንግዳ ሲውል ሲያድር ከወርቅነት ወደ ብር፣ ከብርም ወደ ብረት ይወርዳል የሚባለው በእሳቸውም ቤት ደርሶ ነው።

ስለ ክርስትናና ስለ ስደተኛ የሚሰበከውም የሚጻፈውም በአብዛኛው ስለ መጀመሪያው ሌሊት ነው። እኔ የቻልኩትን ያህል ወደ ሦስተኛው ወር ልሄድ እፈልጋለሁ።

ከቃላቱ ልጀምር። አማርኛ ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ብዙ ስም አለው፤ ስሞቹ ግን እኩል አይከበሩም። «እንግዳ» ክቡር ነው፤ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ነገ ይሄዳል። «ስደተኛ» ያሳዝናል። «ተፈናቃይ» የቢሮ ቃል ነው፤ በዝርዝር ይጻፋል፣ ስንዴ ይሰፈርለታል። «ሰፋሪ» መንግሥት በመኪና ጭኖ ያመጣው ነው። «መጤ» ግን ስድብ ነው፤ ጥፋቱም አንድ ብቻ ነው፣ መጥቶ አለመሄዱ። አሁን የመጽሐፍ ቅዱሱን አማርኛ ተመልከቱ። «እንግዳ» እና «ስደተኛ» ከሚሉት ጎን «መጻተኛ» የሚል ቃል አለው። መጻተኛ ከግእዙ «መጽአ»፣ መጤ ከአማርኛው «መጣ» የተወለዱ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ሐዋርያው ጴጥሮስ ምእመናንን መጻተኞች ብሎ ሲጠራቸው፣ በዛሬ የመንደር አማርኛ መጤዎች ማለቱ ነው። ይህን ከአንድ ዐውደ ምሕረት ላይ ብሰማ ደስ ባለኝ፤ እስካሁን አልሰማሁም።

መጽሐፉ በጉዳዩ ላይ አያሻማም። ኦሪት እስራኤላውያንን የግብፅ ኑሯቸውን እያስታወሰች፣ በመካከላቸው የሚኖረውን ባዕድ እንደ አገር ልጅ እንዲቆጥሩት ታዛለች። የሚያድረውን አላለችም፤ የሚኖረውን ነው ያለችው። አብርሃም በመምሬ ድንኳኑን ከፍቶ ያስተናገዳቸው ሦስት መንገደኞች በቤተ ክርስቲያናችን የሥላሴ ምሳሌ ሆነው በየመቅደሱ ተሥለዋል። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ የመጨረሻው ፍርድ የሚቆመው በተራበ፣ በታረዘ፣ በታሰረና በእንግዳ ላይ ነው። ደጉ ሳምራዊም ሲጠቀስ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስል ማሰሩ ይነገርለታል እንጂ፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ሁለት ዲናር መክፈሉ፣ የጎደለውንም ስመለስ እሞላለሁ ማለቱ ብዙም አይነገርም። ሰውዬው የሦስተኛውን ወር ወጪ ጭምር አስቦ ነው የሄደው።

እኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ጽጌ አለን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ እሑድ እሑድ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ ሰቆቃወ ድንግል በዜማ ይደርሳል። የሚለቀስላት ልጇን አቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ የሸሸች፣ በግብፅ በረሃ ውኃና ማደሪያ የተነፈገች እናት ናት። ትውፊቱ የስደቱን ዘመን ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ያደርገዋል፤ ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ነው። የጣና ቂርቆስ አባቶች ደግሞ እመቤታችን በደሴታቸው ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንዳረፈች ይናገራሉ። በዚህ ትውፊት መሠረት እኛ የስደቱ አድማጮች ብቻ ሳንሆን አስተናጋጆችም ነን። ስደት ለእኛ ወቅት አለው፣ ዜማ አለው፣ ጾም አለው። ታዲያ ከማኅሌት ወጥቶ፣ ከቅጥሩ ሥር ተጠግታ ያደረችውን ባለ ልጅ ሴት ተራምዷት የሚሄድ ሰው ምን ሆኖ ነው? ዜማው አልጎደለም። የዜማዋ ስደተኛና የደጇ ስደተኛ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ነው የጎደለው።

ለዚህ ልማድ የለንም ማለት ግን አይቻልም። የቆሎ ተማሪን አስቡ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ ተነስቶ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ የመጣ ልጅ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ይነክሰዋል፤ ባለቤቲቱ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ማንም ዘርህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቀውም። ከሌላ አገር መምጣቱ እንዲያውም ያስከብረዋል፤ እናት አባቱ አጠገብ የሚማር ልጅ ልቡ አይሰበሰብም ይባላል። ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ ዐሥር ዓመት ይቆያል። አንዱ አግብቶ ይቀራል፣ ሌላው መሪጌታ ሆኖ የመንደሩን ልጆች ያስተምራል። ለዘመናት ያልነጠፈ፣ የበጀት መስመር የሌለው የእንግዳ መቀበያ ሥርዓት ይሏል ይህ ነው። እንጀራው ያለመጠን ስለበዛ አልቆየም። ልጁ በመንደሩ ውስጥ የታወቀ ቦታ ስላለው ነው የቆየው፤ ተማሪ ነው፣ ነገ ይባርካል፣ ይቀድሳል፣ ሙት ይፈታል። ለተፈናቃዩ ግን እንዲህ ያለ ቦታ አላበጀንለትም።

የጥንት አባቶች ይህን ጣጣ ያውቁት ነበር። «ዲዳኬ» የሚባለው ጥንታዊ የሐዋርያት ትምህርት፣ መንገደኛ ክርስቲያን ሁለት ቀን ቢበዛ ሦስት ቀን እንዲስተናገድ፣ መሰንበት የፈለገ ግን ሙያ ካለው ሠርቶ እንዲበላ፣ ሙያ ከሌለውም ማኅበሩ መላ እንዲፈልግለት ያዝዛል። ከዚህ ድርሰት በግእዝ ተርፎ በሥርዓት መጻሕፍት ውስጥ የቆየልን ጥቂት ነው፤ ከተረፈው ውስጥ ግን ይኸው የእንግዳ አቀባበል ክፍል ይገኝበታል። ዲድስቅልያ የተባለው የሶርያ የሥርዓት መጽሐፍ ድሃ እንግዳ ወደ ጉባኤው ገብቶ መቀመጫ ቢያጣ፣ ጳጳሱ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦም ቢሆን ቦታ እንዲያገኝለት ይመክራል። ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ከቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ሰፊ መጠለያ ሠራ። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን በዚህ ዓይነቱ ነገር ላይ ጥርጣሬ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ አላትና እኔ ምን አገባኝ የሚለውን ምእመን ይገሥጻል፤ እያንዳንዱ ቤት ለክርስቶስ አንዲት ክፍል ይለይ ይላል። ይህ የጥንት ሙግት ዛሬ የእኛ ነው። እርዳታ ድርጅት አለ፣ ወረዳው አለ፣ የተባበሩት መንግሥታት አለ፤ ስለዚህ እኔ የለሁበትም የሚል ሰው በየአጥቢያው ሞልቷል።

ከታሪክ ሁልጊዜ የምንጠቅሰው አንድ ነው፤ ነጃሺ የሚባለው የአክሱሙ ንጉሥና በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ የሸሹት ሙስሊሞች። አሳዳጆቻቸው ቁረይሾች እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኛ ቢልኩ ክርስቲያኑ ንጉሥ የሁለቱንም ወገን ቃል ሰምቶ ስደተኞቹን አልሰጥም አለ። ደጋግመን የምንኮራበት ይህ የችሎት ቀን ነው። እኔ የምኮራው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። በጃዕፈር የተመሩት ስደተኞች እስከ 628 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ወደ ዐሥራ ሦስት ዓመት፣ በዚህ አገር ተቀምጠዋል። ልጅ ወልደዋል። ሃይማኖታቸው የተለየ እንግዶች ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲቀመጡ ሦስተኛው ወር ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንደመጣ አስቡት።

ሌላውን ምሳሌ ከቅርቡ ዘመን ልውሰድ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ሲገቡ በአርመን ገዳም የተጠለሉ፣ ከዘር ማጥፋቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው ተቀበሏቸው። አርባ ልጆች አዲስ አበባ መጡ፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። ራስ ተፈሪ ልጆቹን አብልተው አልሸኟቸውም፤ ነጋሪትና መለከት አስያዟቸው፣ ደመወዝ ቆረጡላቸው።

አሁን ወደ አዊ ልመለስ፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ነው። ዘንገና ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት አጠገብ ያለ ክብ ሐይቅ ነው። እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር ተለክቷል። ከመኪና ወርዶ ዳሩ ላይ የቆመ መንገደኛ ቀና ካለ የዲከረንስ ተክልና የከሰል ማዳበሪያ ያያል፤ ድንች በሳህን ያቀረቡ ልጆችም ይከቡታል። በዙሪያው ያለው አገር የሰባት ቤት አገው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ከላስታ ተነስተው በመጡ ሰባት ወንድማማቾች ስም ይጠራሉ። የአገሩ ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው የዘር ሐረግ ራሱ የሚጀምረው በመምጣት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረስ ሲያሰግር የሚጠራው በዚሁ በሰባት ቤት ስም ነው። ከሰባቱ አንዱ መተከል መሆኑን ልብ በሉ።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ በምትባል ቀበሌ ታጣቂዎች ንጋት ላይ ቤት እያቃጠሉ ከ200 በላይ ሰው ገደሉ። ከዚያ በፊትም በኋላም በነበሩት ወራት አማራው፣ አገው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞውም ጭምር እየሸሸ ወደ አዊ ጎረፈ። ከቻግኒ ወጣ ብሎ «ራንች» የሚባለው የከብት እርባታ ቦታ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰው መጠለያ ሆነ። የቻግኒ ሰው መጀመሪያ ያበላው ከጓዳው ነው። እናቶች እንጀራ በሞሰብ ተሸክመው ወጡ፤ ወጣቶች ከሱቅ ሱቅ ልብስ ሰበሰቡ፤ ማኅበራት ጠላና ዳቦውን ትተው ጥሬ ገንዘብ አዋጡ። የመንግሥት ስንዴና የድርጅቶች ሸራ ድንኳን የመጡት ኋላ ነው። ከእንጅባራ፣ ከዳንግላም ብዙ ሄዷል። ይህ መመስከር አለበት፤ ደግነትን ባየንበት ቦታ ካልጻፍነው ተረት ነው የሚሆነው።

ግን ይኸው መሬት ሌላም ነገር አይቷል። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ከመተከሉ ዳንጉር ወረዳ የተነሳው ግጭት ወደ ጃዊ ወረዳ ተሻገረና ከመተከል ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት በርካታ የጉሙዝ ተወላጆች በበቀል ተገደሉ። ጃዊ አዊ ዞን ነው። ከተገደሉት ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እኛ ስለ በኩጂ ስንጽፍ ጃዊን የምንዘልል ከሆነ ስለ ሳምራዊው ባንሰብክ ይሻላል። የምሳሌው ሰው የወደቀውን ወገኑ መሆኑን ጠይቆ አላነሳውም፤ ሳምራዊና አይሁዳዊ ደመኞች ነበሩ፤ ክርስቶስም ነገሩን ሆን ብሎ በደመኛ ነው ያስቀመጠው።

ከዚህ በታች ደግሞ ሌላ ጥልቀት አለ። መተከል ቀደም ሲል የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ሐድያ ከ80 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ጭኖ በበለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ላይ አሠፈረ። የጣልያን መንግሥት ገንዘብ አወጣ፤ ቡልዶዘር ደኑን መነጠረ። ጉሙዙን ግን ማንም አላማከረውም። ጉሙዝ ከዚያ በፊት ባዕድን መቀበያ የራሱ መንገድ ነበረው፤ ከኦሮሞ ጎረቤቱ ጋር «ሚቹ» በሚባል የወዳጅነት ኪዳን ይተሳሰር ነበር፤ መጪው በኪዳኑ ጥላ ሥር መሬት ያርሳል፣ ይጠበቃል። ያ ሥርዓት አስተናጋጁ እሺ ብሎ የሚፈጽመው ነው። ሠፈራው ግን ከላይ የመጣ ነበር። የዚያ ሠፈራ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በከፊል ተፈናቃይ ሆነው ራንች የገቡት። ግድያውን ይህ አያጸድቀውም፤ ምንም አያጸድቀውም። ግን ርኅራኄ ያለ አስተናጋጁ ፈቃድ በአዋጅ ሲጫን ከዓመታት በኋላ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ያሳያል።

በአማራ ክልል ያሉት ሌሎች ስደተኞች ታሪክ አጭርና የከፋ ነው። የኤርትራ ስደተኞች ከትግራይ ካምፖች ወጥተው ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ገቡ። ሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በጦርነት ስትነድ በመተማ በኩል የገቡት ኩመርና አውላላ ላይ ሠፈሩ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ በሺዎች የሚቆጠሩት ዘረፋውና እገታው በቃን ብለው ካምፑን ለቀው በእግራቸው ወጡ፤ በመንገድ ዳርና በጫካ ውስጥ ሰነበቱ። ክልሉ ራሱ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ጦርነት ላይ ነው፤ የሚዘረፈውም ስደተኛው ብቻ አይደለም። ቢሆንም እነዚህ ከሱዳን የመጡት በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፣ ዓረብኛ ይናገራሉ፣ የእኛ ማንም አይደሉም። የነጃሺ ልጆች ነን የምንል ሰዎች ፈተናችንን ያገኘነው አውላላ ላይ ነበር፤ አላለፍነውም።

ሕጉ ከልባችን የተሻለ ነው ማለት ይቻላል። የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው በ1969 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ እንዲሠራ፣ እንዲማር፣ እንዲንቀሳቀስ መብት ይሰጣል፤ አገሪቱም አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኛ ታስተናግዳለች። ለአገር ውስጥ ተፈናቃይም የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል። ወረቀቱ አለ እንግዲህ።

አብያተ ክርስቲያናቱስ? በተቋም ደረጃ ሥራ የለም ማለት ሐሰት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በ1972 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ስደተኞችን ያገለግላል፤ መካነ ኢየሱስም የራሷ ክንፍ አላት፤ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት በአዲስ አበባ ይሠራል። ችግሩ ይህ ሥራ ከአጥቢያው ጋር አለመተዋወቁ ነው። ኮሚሽኑ ፕሮጀክት ይቀርጻል፤ ገንዘቡ ከውጭ ይመጣል፤ የእንጅባራው ምእመን አያውቀውም፣ አይጠየቅበትም። በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ የሚነበበው የቆርቆሮ፣ የጉልላትና የአጥር ጉዳይ ነው። እኔ የጉልላት ጠላት አይደለሁም። ግን ለደወል ቤት መዋጮ በሁለት ሳምንት የሚሞላበት አጥቢያ ለሦስት ቤተሰብ የቤት ኪራይ ኮሚቴ ሲያቋቁም አላየሁም።

ተቃውሞውን በቅንነት ማዳመጥ ይገባል። አንደኛው ጥቅስ ይዞ ይመጣል፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ለቤተ ሰቡ የማያስብ ከማያምን የከፋ ነው አላለም ወይ? ይህ ክርክር በቅርቡ አሜሪካም ደርሶ ነበር። ምክትል ፕሬዚዳንት ጄ.ዲ. ቫንስ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፍቅር ቅደም ተከተል አለው፣ መጀመሪያ ቤተ ሰብ፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ አገር፣ ከዚያ ሌላው ዓለም የሚለውን ጥንታዊ ሐሳብ ስደተኞችን የማባረር ፖሊሲ መከላከያ አድርጎ አቀረበው። የዚያን ጊዜው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 10 ለአሜሪካ ጳጳሳት በጻፉት ደብዳቤ እውነተኛው የፍቅር ሥርዓት ከደጉ ሳምራዊ ነው የሚገኘው ብለው መለሱ። እሳቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ከሮም ውጭ የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ስደተኞች ወደሚሰጥሙባት ላምፔዱዛ ደሴት ነበር፤ ቃሉ ከእሳቸው አፍ ያምር ነበር። እኛ ግን ለዚህ ክርክር ሮም ድረስ መሄድ አያሻንም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባላችን ቅደም ተከተሉን በዝምድና ሳይሆን በቅርበት ነው የሚያቆመው። ደጄ ላይ የቆመው ከማንም ይቀርበኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። በጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ አለ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ራሱ ከ300 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። የአኙዋክ ገበሬ በገዛ መሬቴ ጥቂት ሆኜ ልቀር ነው ብሎ ቢፈራ ፍርሃቱን ኃጢአት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ከሩቅ ለሚሰብክ ሰው ነው። የደግነትን ጫና እኩል ያልተሸከመ ሰው ስለ ደግነት ሌላውን የመገሠጽ ሥልጣን የለውም። ጫናውን መከፋፈል ራሱ የርኅራኄ ክፍል ነው፤ ቻግኒ ባበላችው ልክ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ አልከፈሉም።

ደግሞስ እኛ ማን ነን? በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ያባረረቻቸው ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በፌስታል ንብረታቸውን አንጠልጥለው ቦሌ ሲወርዱ የኛው ልጆች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ አሠሪዎቻቸው ቤይሩት ላይ ከኢትዮጵያ ቆንስላ በር የጣሏቸው እህቶች የኛው ነበሩ፤ ከለላ ከሰጧቸው መካከል የሊባኖስ ካሪታስ፣ ማለትም የሌላ አገር ክርስቲያኖች ድርጅት፣ አለበት። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በረሃና በባሕሩ ዳርቻ ማተባቸውን አንበጥስም ብለው የተገደሉትን ወጣቶች ቅዱስ ሲኖዶስ ሰማዕታት ብሏቸዋል። ወደ አውሮፓ ለመሻገር የሄዱ ስደተኞች ነበሩ፤ ወረቀት አልነበራቸውም። ቤተ ክርስቲያናችን ሕገ ወጥ ስደተኛ የሚባለውን ሰው በሰማዕታት መዝገብ ጽፋለች። ከዚያ በኋላ ስደተኛን መናቅ በኛ አያምርም።

አምና በጽጌ እንጅባራ ነበርኩ። ወደ አክስቴ ቤት ስወጣ የቡለኗ ሴት ከእሳቸው ቤት ወጥታ ከጓሮው ማዶ በቀርከሃ የተማገረች ጎጆ ውስጥ ትኖራለች። እንዴት እዚያ እንደደረሱ አክስቴ ሲነግሩኝ ስብከት የሚመስል ነገር አልነበረውም። በአራተኛው ወር ከጎረቤት ጋር ተማከሩ። አንዱ ገበሬ የድንች መሬቱን የእኩል ሰጣት። ሌላው ዲከረንስ ሲያከስል በቀን ክፍያ አስገባት። ልጆቹ ተመዘገቡ። ጠቡ አልጠፋም፤ አንድ ቀን በውኃ ተራ እንስራ ተሰባብሯል። ከዓመት በኋላ ግን ሴቶቹ በ21 በሚጠጡት የማርያም ማኅበር አስገቧት፤ ተራዋ ሲደርስ ጽዋውን ተቀብላ፣ ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ አክስቴን ራሳቸውን በቤቷ አስተናገደች። «የዚያን ቀን» አሉኝ አክስቴ፣ «እንግዳዋ እኔ ሆንኩ።»

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ የማልወደውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። የዚያን የጥር ማታ ደጁ ላይ የቆመችው የጉሙዝ ሴት ብትሆንስ ኖሮ? አክስቴ ጀበናውን ከከሰሉ አነሱት፣ መልሰው ጣዱት። «አንተ ልጅ፣ ይህን አሁን ምን አመጣው?» አሉ። ከዚያ ቆየት ብለው፣ «ልጅ ካዘለች...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ቀሩ።

እኔም አልጨርሰውም። አንባቢን አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ፣ ስለ አጥሩና ስለ ጉልላቱ ከተነገረ በኋላ እጃችሁን አውጡና በአጥቢያችን ስንት ተፈናቃይ ቤተሰብ አለ፣ ከእነሱስ ስንቱ ማኅበር ገብቷል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።